ይህች ፈረስ የማን ናት?

ባለፈው ሰኔ ሮቤ ገብቼ አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ስጠብቅ አንድ ጋሪ በአጠገቤ አለፈ። ዝናብ የመታው ፈረስ፣ የእርጥብ ከረጢትና የገብስ ገለባ ሽታ አንድ ላይ መጥቶ አፍንጫዬን ሞላው። ሻንጣዬን መሬት አስቀምጬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ባጃጅ መጥቶ ሹፌሩ "እህት፣ አትገቢም እንዴ?" ሲለኝ፣ "ሂድ ወንድሜ፣ ፈረስ እየሰማሁ ነው" አልኩት። ከላይ እስከ ታች አይቶኝ ሄደ። እብድ መስዬው ይሆናል፤ ይምሰለው።

ያ ሽታ የወሰደኝ ሰባተኛ ክፍል ወደተማርኩበት ዓመት ነው። የእኛ መንደር ሲናና ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። አባቴ ሴት ልጁን ከተማ ለመላክ ማንንም አያምንም፤ ሮቤ የምትኖረውን እህቱን ግን አመነ። እሳቸው አዳዳ ዘይነባ ናቸው። እኛ ጋ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች። ባላቸው ሲሞቱ አንድ ጋሪና አንዲት ፈረስ ትተውላቸው ነበር፤ ዘመዱ ሁሉ "ይሽጡት" ሲላቸው እሳቸው ልጓሙን ይዘው ወጡ። ከገበያ እህል ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ዱቄት ወደየቤቱ ያመላልሳሉ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጡ ወንዶች "ሴት ደግሞ ጋሪ ትነዳለች እንዴ?" ብለው ሲያሾፉባቸው፣ "ፈረሷም ሴት ናት፤ እሷን ለምን አትጠይቋትም?" ይሏቸው ነበር።

ፈረሷን መልኳ ዳማ፣ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ስለሆነ ዳሚቱ ብለን ነበር የምንጠራት። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷን ከጋሪው መፍታት፣ ላቧን በከረጢት ማሸት፣ ውኃ ማጠጣትና ከከተማው ዳር ወስዶ ሣር ማስጋጥ የእኔ ሥራ ነበር። ሮቤ ጉም ሲወርድባት ከበራችን ፊት ለፊት ያለው ሱቅ እንኳ አይታይም። እኔ ግን ጋሪው ገና የወፍጮ ቤቱን መታጠፊያ ሳያልፍ ባልዲውን ይዤ ደጅ እወጣ ነበር። እንዴት እንደማውቅ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

የከበደኝ አማርኛ ነበር። መንደር ሳለሁ የምናወራው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ የማውቀው ከሬዲዮና ከገበያ ነው። የአማርኛ አስተማሪያችን ቲቸር ወይንሸት በየጠዋቱ ከጎባ በሚኒባስ ትመጣለች። ቀጭን ናት፣ ድምጿ ግን የሁለት ሰው ነው። አንድ ቀን ከአንድ አጭር ልብ ወለድ የተወሰደ ነው ብላ ሰሌዳው ላይ ይህን ጻፈች፦

"ጉሙ ሳይጠራ ገባ። መጀመሪያ በጎቹን ወሰደ። ቀጥሎ አጥሩን። በመጨረሻ ከውሻችን ጩኸቱ ብቻ ቀረ።"

"ደራሲው ቃላቱን እንዴት መረጠ? ምንስ እንዲሰማን አደረገ?" አለች። እኔ እጄን አወጣሁ፤ አርፌ መቀመጥ መቼ አውቅና!

"ቲቸር፣ ደራሲው ዋሽቷል። ጉም በግ አይወስድም። በግ የሚወስደው ጅብ ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግማሹ በመልሴ፣ ግማሹ በአነጋገሬ ነው የሳቀው። እኔ ቀልዴን አልነበረም። እኛ መንደር በጉም ቀን በግ ከጎደለ ጅብ በልቶታል፤ አለቀ። ይህን የማያውቅ ሰው እንዴት መጽሐፍ ይጽፋል ብዬ ከልቤ ተናድጄ ነበር።

ቲቸር ወይንሸት አልሳቀችም። "ፈቲያ፣ ነይ ወደዚህ" አለችኝ። "'ወሰደ' የሚለውን ቃል በጣትሽ ሸፍኚውና በቦታው የራስሽን አስገቢ።"

ሸፈንኩት። "ሸፈነ" አልኩ። "መጀመሪያ በጎቹን ሸፈነ።"

"ምን ጎደለ?"

ቆሜ አሰብኩ። ጠመኔው ጣቴን አንጥቶታል። ሁለቱንም በልቤ ደጋገምኩና፣ "ፍርሃቱ" አልኩ። "ሸፈነ ካለ በጎቹ እዚያው አሉ። ወሰደ ካለ ግን ላይመለሱ ነው።"

"እና ዋሽቷል?"

"ዋሽቷል። ግን ደህና አድርጎ ዋሽቷል።"

እንደገና ተሳቀ፤ አሁን ግን እሷም ሳቀች። "ያልገባችሁን ቃል ሁሉ እንደዚህ በጣታችሁ ሸፍኑት" አለች። "ምንም ካልጎደለ ያ ቃል ሥራ ፈት ነው። የጎደለ ነገር ካለ ግን ደራሲው ለምን እንደመረጠው አገኛችሁት ማለት ነው። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ቤታችሁ አስቡበት። 'ውሻው አልታይ አለን' ማለት ሲችል ለምን 'ጩኸቱ ብቻ ቀረ' አለ?" ደወል ተደወለ፤ እንኳን ላስብበት፣ ከበሩ ሳልወጣ ረሳሁት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃል የሚባል ነገር አሳበደኝ። ግን በተገላቢጦሽ ነበር የገባኝ። ገለጻ ማለት የሚያምር ቃል መደርደር መሰለኝ። አንድ ደብተር ለብቻ አድርጌ ሐር፣ ዕንቁ፣ ወለላ፣ ጨረቃ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እለቅም ጀመር። ዕንቁን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። "የምትወዱትን ነገር ግለጹ" ተብለን ስንታዘዝ ደብተሩን እንዳለ ዳሚቱ ላይ ገለበጥኩት። ዓይኗ እንደ ኮከብ ያበራል፣ ጋማዋ እንደ ሐር ይለሰልሳል፣ ስትሮጥ ንፋስ ትቀድማለች። የጋሪ ፈረስ ናት፤ ንፋስ የት አግኝታ ትቀድማለች?

ከአሥር ሦስት አገኘሁ። ከሥሩ ቲቸር ወይንሸት በቀይ እስክሪብቶ "ይህች ፈረስ የማን ናት?" ብላ ጽፋለች። ደሜ ፈላ። መጀመሪያው መስመር ላይ "የአክስቴ ፈረስ" ብዬ በግልጽ ጽፌያለሁ! ሴትየዋ መነጽር ያስፈልጋታል አልኩ በልቤ። የጎደለኝ የሚያምር ቃል ብዛት መስሎኝ ሰባቱን ነጥብ ሳላስመልስ አልተኛም ብዬ ከጓደኛዬ የተረት መጽሐፍ ተዋስኩ።

ያ መጽሐፍ ነው ጉድ የሠራኝ። በማግስቱ ዳሚቱን ለማስጋጥ ስወስዳት መጽሐፉን ብብቴ ሥር ይዤ ነበር። ገመዷን የማስርበትን ችካል በድንጋይ መትቼ ማጥበቅ ነበረብኝ፤ በእግሬ ረገጥ አድርጌው ተቀመጥኩ። "ብርሌ" የሚለውን ቃል ሳገኝ እጄን ሳጨበጭብ ትዝ ይለኛል። ቀና ስል ጉሙ ወርዷል፤ ችካሉ የነበረበት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ስሟን እየጠራሁ ሮጥኩ፣ ወደቅኩ፣ ተነስቼ ሮጥኩ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ።

አዳዳ አልመቱኝም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ፈረስ የሌለው ጋሪ አፍንጫው መሬት ነክቶ ቆሟል፤ እሱ ላይ ተቀመጡና ሻሻቸውን አስተካከሉ።

"ፈቲ፣ ስሚኝ። ዳሚቱ ከሌለች ሥራ የለም። ሥራ ከሌለ ቤት አይኖረኝም። አንቺ አባትሽ ጋ ትመለሻለሽ፣ እኔም ተከትዬሽ ወንድሜ ቤት ጥግ እይዛለሁ። ትምህርትሽም እዚህ ላይ ያበቃል። እንዳልደብቅሽ ብዬ ነው።"

"አገኛታለሁ" አልኳቸው። "ወላሂ አገኛታለሁ።" እንዴት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ግን ከምመለስ ብሞት ይሻለኛል ያልኩት ከልቤ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማስታወቂያ መጻፍ ነው። የድርሰቱን ቃላት አንድም ሳላስቀር ገልብጬ ወፍጮ ቤቱ፣ ሱቁና መስጊዱ አጥር ላይ ለጠፍኩ። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ሰው መጣ። አንዱ ጥርሷ ያለቀ ግራጫ ባዝራ እየጎተተ መጥቶ፣ "ጋማዋን ዳሰስ አድርጊው እስኪ፤ ሐር አይደለም?" አለኝ። ሁለተኛው ዓይኗ የሚያበራ በቅሎ ነበር ያመጣው። ሦስተኛው ምንም አላመጣም፤ ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ለልጄ ሠርግ ግጥም ይጽፍልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ብሎ ነው።

አዳዳ ማንበብ አይችሉም። "ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው? አንብቢልኝ" አሉኝ። አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"ማናት እሷ?"

"ዳሚቱ ናት እንጂ አዳዳ!"

"አይ ልጄ። እንደ ሙሽራ ኩለሻታል እኮ። እኔ እንኳን ስንት ዘመን የነዳኋት በዚህ አላውቃትም። የማን ፈረስ ናት?"

ፊቴ ነደደ። አንዷ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈችውን፣ አንዷ ፊደል ሳትቆጥር ደገመችው። መነጽር የሚያስፈልገው ለእኔ ነበር። ያንኑ ከሰዓት ሄጄ ማስታወቂያዎቹን ሁሉ ቀደድኳቸው።

በስምንተኛው ቀን አንድ ጋሪ ነጂ ወሬ ይዞ መጣ። ወደ አጋርፋ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሐጂ አብዱሮ የሚባሉ ሽማግሌ ጋጣ ውስጥ ባለቤት የሌላት ዳማ ባዝራ አለች። ችግሩ አንድ የጊኒር ነጋዴም ለገበያ መጥቶ ፈረስ ጠፍቶበታልና "የእኔ ናት" ብሏል። ከነገ ወዲያ ጠዋት ሁለቱም ወገን ሊሰማ ነው።

እኛ አገር የጠፋ ከብት ያገኘ ሰው ከብቱን አያሳይም። ጋጣ አስገብቶ በሩን ይዘጋና የእኔ ነው ያለውን ሁሉ በሽማግሌ ፊት ምልክት ያስቆጥራል። የሚናገረው ከብቱ ከእጁ የጠፋበት ሰው ራሱ ነው። ያገኘው ደግሞ አንድ ምልክት በሆዱ ይይዛል፤ እሱን የጠራ ይወስዳል።

"እርስዎ ይናገሩ አዳዳ፣ እኔ ልጅ ነኝ" አልኩ።

"ከእጅሽ ነው የጠፋችው፤ በአፍሽ መልሻት" አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መጥቼ ያ ባዶ ጋሪ ላይ ወጣሁና አዲስ ገጽ ገለጥኩ። ዳማ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ጭራዋ አጭር፣ ትከሻዋ የጋሪው እንጨት የላጠው፣ እያልኩ ጻፍኩ። ከዚያ እያንዳንዱን በጣቴ እየሸፈንኩ "ይህ የሌላ ሰው ፈረስ ላይ አይገኝም?" ብዬ ጠየቅሁ። ዳማ? ገበያው ሞልቷል። ግንባሯ ነጭ? የጎረቤታችንም። የተላጠ ትከሻ? የጋሪ ፈረስ ሁሉ። ገጹ አለቀ፤ ዳሚቱ የለችም። ስምንት ቀን ያልመጣ እንባዬ ያኔ መጣ። እየተነፋረቅሁ ወደ ሚኒባስ መናኸሪያው ሮጥኩ። ቲቸር ወይንሸት ወደ ጎባ የሚሄደው መኪና ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣ ነበር። ሁሉን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

"ያን የውሻውን ዓረፍተ ነገር አሰብሽበት?" አለችኝ።

"ቲቸር፣ ፈረስ ነው የጠፋብኝ እኮ!"

"ገብቶኛል። ደራሲው ውሻውን ትልቅ ነው፣ ጥቁር ነው አላለም። እዚያ ጉም ውስጥ የቆመ ሰው ብቻ የሚያገኘውን ነው የመረጠው። አንቺ የት ነበር የምትቆሚው?" መኪናው ተነሳ፤ በመስኮት እጇን አውለበለበችልኝ። በጣም ተናድጄ ወደ ቤት ሄድኩ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? የምቆመው ደጃችን ላይ ነው፤ ሌላ የት ልቆም!

በጠዋት ከአዳዳ ጋር ተሳፍረን ሄድን። የሐጂ አብዱሮ ግቢ ሰፊ ነው፤ ጋጣው ከድንጋይ አጥር ኋላ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። የጊኒሩ ነጋዴ ፊቱ የተጎሳቆለ፣ ጨዋ ሰው ነበር፤ አዳዳን ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጣቸው። ክፉ ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ።

ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው በሁለታችን ፊት ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ነጋዴው "ዳማ" አለ፤ እኔም "ዳማ" አልኩ። እሱ "ግንባሯ ነጭ" አለ፤ እኔም። የእሱም ጋሪ ትጎትት ነበርና ትከሻዋ ተልጧል። እኔ ጭራዋ አጭር ነው አልኩ፤ እሱም አጭር ነው አለ።

"ሁለታችሁም አልዋሻችሁም" አሉ ሐጂ። "ግን እስካሁን የነገራችሁኝ ፈረስ የማንም ነው። ሌላ ያላችሁ?"

ነጋዴው አንገቱን ደፋ። እኔ ወደ ጋጣው ዞርኩ። ግቢው ውስጥ ጉም እየገባ ነበር። መጀመሪያ ጋጣውን ወሰደው። ቀጥሎ የድንጋይ አጥሩን። ከአጥሩ ኋላ የሐጂ ባለቤት ባልዲ ሲያስቀምጡ ብቻ ተሰማ። ባልዲ! የት እንደምቆም ያን ጊዜ ገባኝ። ደጃችን ላይ፣ ባልዲ ይዤ፣ ምንም ሳላይ።

"ሐጂ፣ አለኝ!" ብዬ ብድግ አልኩ፤ እየጮህኩ እንደሆነ አዳዳ ቀሚሴን ሲጎትቱኝ ነው ያወቅሁት። "ድንጋይ ላይ ያስኪዱልኝ። ሦስቱ እግሯ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። የኋላ ግራው ግን አይመታም፤ ሽር ይላል። አታነክስም፤ ቢያይዋት አያውቁትም። ሲሰማ ብቻ ነው። እኔ በጉም የማውቃት በእሱ ነው።"

ሐጂ ጣታቸውን አላጠፉም። እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ከአጥሩ ኋላ የባለቤታቸው ድምፅ መጣ፦

"ስምንት ቀን ሙሉ 'ይህች ፈረስ በአንድ እግሯ መሬት ትጠርጋለች' ስልህ 'አንቺ ደግሞ' ስትለኝ አልነበር?"

"ዝም በይ አንቺ ሴት፣ የደበቅነው እሱን አይደል!" አሉ ሐጂ፤ ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከዚያ፣ "አውጪያት። በድንጋዩ ላይ አምጫት።"

የጋጣው በር ተከፈተ። ምንም አይታይም።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ሽር። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ሽር።

መጀመሪያ የተነሳው ነጋዴው ነው። "የእኔ አይደለችም" አለ። "የእኔዋ አራቱንም ትመታለች። የእኔ ብትሆን ደስ ባለኝ፤ አላህ ይባርክላችሁ።" ሊወጣ ሲል ተከትዬ ሮጥኩና፣ "ጋሼ፣ ስለ እርስዎ ፈረስ ይንገሩኝ፤ ማስታወቂያ እጽፍልዎታለሁ" አልኩት። "እርስዎ ብቻ የሚያውቁትን ይንገሩኝ።" እዚያው አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ መጀመሪያ አፍሮ፣ ኋላ ሳያቋርጥ፣ ስለ ፈረሱ አወራልኝ። ገጽ ሞላሁ፤ ሐር የሚል ቃል አልነበረበትም።

አዳዳ ዳሚቱን ይዘው እየሄዱ ወደ ኋላ ዞር እያሉ እግሯን ያዳምጡ ነበር። "እኔ እላዩ ተቀምጬ የጋሪውን መንቋቋት ስሰማ ኖሬ..." አሉና ሳይጨርሱት ተዉት። ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። "ነይ፣ ቀድመሽ ሂጂ፤ ነገ ትምህርት አለሽ" አሉኝ። ነገ ትምህርት አለሽ! ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያን ያህል ያስደሰተኝ ትዕዛዝ የለም።

በማግስቱ ያን ሦስት ያገኘሁበትን ድርሰት አውጥቼ ከቀዩ ጥያቄ ሥር ሁለት መስመር ጻፍኩ። ቲቸር ወይንሸት ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ቃላቱን አንድ በአንድ በጣቷ እየሸፈነች አነበበች። መጨረሻ ላይ "ሽር" የሚለውን ሸፈነችው፣ ጣቷን አነሳችው፣ እንደገና ሸፈነችው። ነጥቡን አላስተካከለችልኝም፤ ደብተሩን ግን ለሁለት ቀን አልመለሰችልኝም።

ባለፈው ሰኔ አስፋልቱ ዳር ቆሜ የሰማሁት ያ የጋሪ ፈረስ በወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ እስኪጠፋ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። ሽታው የእሷ ነበር። ጠብቄ፣ ጠብቄ፣ አዳመጥኩ። አራቱንም መታ። የሌላ ሰው ፈረስ ነው።